ውኃውን ደም ነው ያሉ ሰዎች

የስብከቱ ክፍል፦ 2ኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 3፥ ከቍጥር 9 እስከ 24



ዛሬ የምንመለከተው ታሪክ በምድረ በዳ የሆነ ነው። የእስራኤል ንጉሥ ኢዮራም፥ የይሁዳ ንጉሥ ኢዮሣፍጥና የኤዶም ንጉሥ በአንድነት ሆነው በሞዓብ ላይ ዘመቱ። በኤዶም ምድረ በዳ በኩል ሰባት ቀን ያህል ከተጓዙ በኋላ ለሠራዊቱና ለእንስሳቱ የሚጠጣ ውኃ ጠፋ። በዚያን ጊዜ ነቢዩ ኤልሳዕ በሸለቆው ውስጥ ጕድጓድ እንዲቈፍሩ አዘዛቸው፤ ነፋስና ዝናብ ሳያዩም ሸለቆው ውኃ እንደሚሞላ ነገራቸው። በማግሥቱ ጧት፥ መሥዋዕት በሚቀርብበት ሰዓት፥ ውኃው ከኤዶም በኩል መጥቶ ምድሪቱን ሞላት።

ሞዓባውያን ማልደው በተነሡ ጊዜ ፀሓይ በውኃው ላይ ወጥታ ነበር። ከሩቅ ሆነው ሲያዩት እንደ ደም ቀልቶ ታያቸው። ነገሥታቱ እርስ በርሳቸው ተጋድለው አልቀዋል፥ ይህም የፈሰሰ ደማቸው ነው ብለው ወደ ምርኮ ሮጡ። ወደ ሰፈሩ በደረሱ ጊዜ ግን ያገኙት ሬሳ ሳይሆን ውኃ ጠጥቶ የበረታ ሠራዊት ነበር። ስለዚህም በዚያ ቀን ተመትተው ሸሹ።

እንግዲህ ልብ እንበል። በሸለቆው የነበረው ውኃ ነው። ቅላቱም ከጧት ፀሓይ የመጣ ነው። ደም የሚለውን ቃል የጨመሩት ሞዓባውያን ራሳቸው ናቸው። እግዚአብሔር ለተጠማ ሕዝብ የላከው ስጦታ በእነርሱ አፍ የእልቂት ምልክት ሆነ።

ይህን የመሰለ ነገር በዘመናችንም በምድረ በዳ ይታያል። በአሜሪካ አገር በካሊፎርንያ ግዛት ሞሃቬ የሚባል ሰፊ በረሃ አለ። በዚያ በረሃ አምቦይ የሚባል፥ በጥንት ዘመን እሳት የተፋ ጥቁር ኮረብታ ቆሟል። ከዚያ ወደ ሰሜን፥ የሞት ሸለቆ በሚባለው ስፍራ፥ ኡበሂቢ የተባለ ትልቅ የእሳተ ገሞራ ጕድጓድ ይገኛል። ወደ ደቡብም በሳልተን ባሕር ዳር ትንንሽ የእሳተ ገሞራ ኮረብቶችና የሚንፈቀፈቅ ጭቃ ይታያሉ። ስለዚህ በዚያ አገር የሚኖር ሰው ከእግሩ በታች እሳት እንዳለ ያውቃል። ዝናቡ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ በሞት ሸለቆ በዓመት የሚወርደው 50 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። እኛ ደገኞች በክረምት በአንድ ከሰዓት በኋላ የምናየውን ዶፍ እነርሱ በዓመት ተጠራቅሞ ያዩታል ማለት ነው።

በዚያ አገር የአየሩን ጠባይ የሚመረምሩ ራዳሮች ቆመዋል። ራዳር ማለት የራዲዮ ሞገድ ወደ ሰማይ እየላከ፥ ሞገዱ አንድ ነገር መትቶ ሲመለስ የሚቀበል መሣሪያ ነው። እረኛ ከገደል ፊት ቆሞ ሲጣራ የገደል ማሚቶ እንደሚመልስለት፥ ለራዳርም ያገኘው ነገር ሁሉ ይመልስለታል። መልሱ ለመምጣት ከወሰደበት ጊዜ ርቀቱን ያውቃል፤ ከመልሱም ብርታት ብዛቱን ይገምታል። ነገር ግን የዝናብ ጠብታም፥ በረዶም፥ የወፍ መንጋም፥ አንበጣም፥ አቧራም፥ የእሳተ ገሞራ ዐመድም ማሚቶ ሊመልሱ ይችላሉ። መሣሪያው መልስ እንደ መጣ ያመለክታል፤ ለመጣው ነገር ስም የሚሰጠው ግን ተመልካቹ ሰው ነው።

ተመልካቹን የሚያስቱትም ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የደመናው አነሣሥ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወራት እርጥብ ነፋስ ከደቡብ ሲመጣ፥ የተራራው ራስ በፀሓይ ስለሚሞቅ ከቀትር በኋላ ደመናው ከዚያው ከአንድ ስፍራ ደጋግሞ ይነሣል፤ ነፋሱም ወደ አንድ ወገን ይወስደዋል። ይህ በራዳሩ ሰሌዳ ላይ ሲታይ ከአንድ ነጥብ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ የጭስ ጅራት ይመስላል።

ሁለተኛው የጨረሩ ከፍታ ነው። የራዳሩ ጨረር ከመሬት ጥቂት ቀና ብሎ ስለሚወጣና ምድርም ክብ ስለ ሆነች፥ በ100 ኪሎሜትር ርቀት ላይ ጨረሩ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። በዚያ ከፍታ የሚያየው ዝናብ በደረቁ አየር ውስጥ ሲወርድ ተንኖ ሊያልቅ፥ መሬትም ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። በስፍራው የቆመ ሰው አንዲት ጠብታ እንኳ ሳትነካው፥ ራዳሩ ግን አንድ ነገር ያመለክታል። ሰውየውም፦ ዝናብ የለም፥ እንግዲያስ ይህ ምንድን ነው? ብሎ ይደነግጣል።

ሦስተኛው ቀለሙ ነው። ብርቱ የሆነው መልስ በሰሌዳው ላይ በቀይ ይሣላል። ቀዩ የሙቀት ምልክት አይደለም፤ ብርቱውን ከደካማው ለመለየት ሰዎች የመረጡት ቀለም ነው። ዐይን ግን ቀይ ባየ ጊዜ እሳት ያስባል። እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ የዘወትሩ ደመና «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ይባልበታል። በረሃው ዓመቱን ሙሉ የተጠማው ዝናብ የእሳት ስም ተሰጠው፤ በኤዶም ሸለቆ ውኃው ደም እንደ ተባለ ማለት ነው።

ወንድሞች ሆይ፥ በዚህ ነገር ውስጥ የእኛ ነፍስና የወንድሞቻችን ነፍስ ያለችበት ስለ ሆነ፥ በቃሉ ብርሃን በአራት ክፍል እንመልከተው።

አንደኛ፦ ሞዓባውያን፥ ባልንጀራን በሩቅ የሚፈርዱ

ሞዓባውያን ዕውሮች አልነበሩም። ቀይ ነገር አየን ማለታቸው እውነት ነው። ጥፋታቸው ባዩትና በተናገሩት መካከል ነው። አዩ፥ ወዲያው ተረጐሙ፥ ወዲያውም ሮጡ። ከመሮጣቸው በፊት አንድ ጕልማሳ ልከው ውኃውን በእጁ ጨብጦ እንዲያየው ቢያደርጉ ኖሮ በዚያ ቀን ባልተመቱ ነበር። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ይህን የመሰለውን ነው።

ስለ ምን ጠላቶቻችን ተላለቁ ብለው ቶሎ አመኑ? እንዲያልቁ ይመኙ ስለ ነበረ ነው። ሰው የሚመኘውን ወይም የሚፈራውን ቶሎ ያያል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባል የለምን? እሳተ ገሞራ ባለበት አገር የሚኖር ሰው ደመናውን እሳት ይላል፤ ለምርኮ የጎመጀ ሰው ውኃውን ደም ይላል፤ ወንድሙን በልቡ የጠላ ሰው ደግሞ የወንድሙን መልካም ሥራ ክፉ ይለዋል።

በማኅበራችን መካከል እንዲህ ያለ ነገር ሆነ እንበል። የምእመናኑን ገንዘብ የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ሲመሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ሲወጣ ታየ። ጋቢውን ተከናንቧል፤ ከጋቢውም በታች የያዘው ነገር አለ። አንድ ሰው ይህን አየ፤ ያየውም እውነት ነው። ለሚስቱ ሲነግራት «አንድ ነገር ይዞ ወጣ» አለ። ሚስቱ ለጎረቤቷ ስትነግር «የማኅበሩን ዕቃ ይዞ ወጣ» አለች። ገበያ ሲደርስ «ሽማግሌው ሲሰርቅ ተያዘ» ተባለ። ዛሬ ደግሞ ወሬው ገበያ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ በእጅ ስልክ ሌሊቱን አገር ያዳርሳል። በሚመጣው እሑድ ሽማግሌው ሊገባ ሲል ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረበት። ከጋቢው በታች የነበረው ግን በሽማግሌዎች ጉባኤ ተፈቅዶ ለአንዲት ድኻ መበለት የተላከ አንድ ቁና ጤፍ ነበር። ሴትዮዋ በሰው ፊት እንዳታፍር ብሎ በጨለማ አደረሰላት፤ ጌታችን በተራራው ስብከት ምጽዋት በስውር ይሁን ብሎ አስተምሮናልና። ምሕረት ያደረገው ሰው ሌባ ተባለ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን እናውቃለን። ሽማግሌው ዝም ብሎ ከማኅበሩ ይርቃል፤ ልጆቹ ከመዘምራን ይወጣሉ፤ መበለቲቱም ሁለተኛ እህል የሚያደርስላት አይኖርም። አንዲት ቃል ብዙ ቤት ታፈርሳለች።

ስምንተኛው ትእዛዝ በባልንጀራችን ላይ በሐሰት እንዳንመሰክር ያዛል። ዶክተር ማርቲን ሉተር በ1529 ባወጣው በትንሹ ካቴኪስሞስ ይህን ትእዛዝ ሲያብራራ፥ ከውሸት መራቅ ብቻ እንደማይበቃ ያስተምራል፤ ለባልንጀራችን ጥብቅና እንድንቆምለት፥ ስለ እርሱም በጎ እንድንናገርና ሥራውን ሁሉ ወደ መልካም እንድንተረጕም ይመክረናል። ይህ ዐይንን ጨፍኖ ክፋትን ደግ ማለት አይደለም። ደመና ሊሆን የሚችለውን ነገር ሳይመረምሩ እሳት አለማለት ነው።

እግዚአብሔር በሕጉም ይህን ሥርዐት አኖረ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ላይ በአንድ ሰው ቆዳ ላይ የሚያጠራጥር ምልክት በታየ ጊዜ፥ ካህኑ በዚያው ቀን ለምጻም ነው ብሎ አይፈርድበትም፤ ሰባት ቀን አቆይቶ ዳግመኛ ያየዋል፤ አሁንም ካልለየለት ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ደግሞ ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ እንዲጸና ታዝዟል። ዛሬ እሳተ ገሞራን የሚመረምሩ ሊቃውንትም በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። በራዳር ብቻ አይፈርዱም፤ ምድር ተናውጣ እንደ ሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያውን ይጠይቃሉ፤ ሙቀትና የድኝ ጢስ ታይቶ እንደ ሆነ ሳተላይቱን ይጠይቃሉ፤ በስፍራው ያሉትንም ሰዎች ይጠይቃሉ። ለተራራ ይህን ያህል ምስክር የሚፈለግ ከሆነ፥ ክርስቶስ ለሞተለት ወንድም እንዴት አንድ ወሬ ይበቃል?

«ያለ እሳት ጭስ የለም» የሚል ቢኖር፥ ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ የታየው ነገር ጭስ መሆኑን ማወቅ ይገባል። እሳቱ እንኳ በእርግጥ በነደደ ጊዜ የማን እሳት እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2011 በሰኔ ወር በኤርትራ በረሃ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። መጀመሪያ የተሰማው ወሬ ፈነዳ ያለው ዱቢ የተባለውን ተራራ ነበር። ዱቢ በ1861 እንደ ፈነዳ በታሪክ ተጽፎበታል። ነገሩ ሲጣራ ግን የፈነዳው ጎረቤቱ ናብሮ ሆኖ ተገኘ፤ ናብሮ ደግሞ ከዚያ በፊት በታሪክ የተጻፈበት ፍንዳታ አልነበረውም። በሰውም መካከል እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው በንስሓ ተመልሶ ሳለ፥ በመንደሩ ነገር በጠፋ ቍጥር እርሱ ይጠረጠራል። እግዚአብሔር የደመሰሰውን የዕዳ ጽሕፈት እኛ ስለ ምን በእጃችን እናቆየዋለን?

ሁለተኛ፦ ኢዮራም፥ መከራውን ሁሉ ቍጣ የሚል

ውኃው ከመምጣቱ በፊት ንጉሥ ኢዮራም የተናገረውን እናስተውል። ጥማቱ በጸና ጊዜ፥ እግዚአብሔር እነዚህን ሦስት ነገሥታት የጠራቸው በሞዓብ እጅ ሊጥላቸው ነው ብሎ ጮኸ። ይህን ማን ነገረው? ነቢይ አልነገረውም፤ ገና ነቢይ አልጠየቀም። ደረቁን ሸለቆ አየና የእግዚአብሔርን ልብ ያነበበ መሰለው። ሞዓባዊው ውኃውን ደም አለ፤ እስራኤላዊው ንጉሥም ጥማቱን የሞት ፍርድ አለ። ሁለቱም የተሳሳቱት በአንድ መንገድ ነው።

ይህ ስሕተት በአማኞች ቤት ብዙ ጊዜ ይገባል። ልጅዋ በትኵሳት የተኛበት እናት፦ ምን በድዬ ነው እግዚአብሔር የጠላኝ? ትላለች። ገብሱን በረዶ የመታበት ገበሬ፥ ጎረቤቱ ተርፎለት ባየ ጊዜ፥ በእኔ ላይ ተቈጥቷል ይላል። መካን የሆነችውን ሴት ዘመዶቿ የተረገመች ናት ይሏታል። የኢዮብ ወዳጆችም በዐመድ ላይ የተቀመጠውን ሰው አይተው ኀጢአቱን ለመቍጠር ጀመሩ፤ እግዚአብሔር ግን በመጨረሻ የተቈጣው በእነርሱ ላይ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኀጢአት ሠራ ብለው በጠየቁ ጊዜ፥ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ መለሰላቸው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት ዐሥራ ስምንት ሰዎችም፥ ከሌሎቹ ይልቅ ኀጢአተኞች አልነበሩም ብሎ አስተማረ፤ የሚሰሙትን ግን ሁሉን ወደ ንስሓ ጠራ።

ኅሊና ከእግዚአብሔር ቃል ሲለይ የራሱን ቀለም ይቀባል። በራዳሩ ሰሌዳ ላይ ያለውን ቀይ የሰው እጅ እንደ ቀባው ሁሉ፥ በሚያልፈው መከራችን ላይ የቍጣን ቀለም የሚቀባው ብዙ ጊዜ የእኛው የፈራ ልብ ነው። ደቀ መዛሙርቱ በሌሊት በባሕር ላይ ሲጨነቁ ጌታ በውኃው ላይ እየሄደ ሊረዳቸው መጣ፤ እነርሱ ግን ምትሀት ነው ብለው ከፍርሃት የተነሣ ጮኹ። ከማዕበሉ ይልቅ ያስፈራቸው የሚያድናቸው ነበር። እናንት በኀዘን ያላችሁ ሆይ፥ ወደ እናንተ ከሚመጣው ፊት አትሽሹ፤ ድምፁን እስክትሰሙ ድረስ ቆዩ።

ሦስተኛ፦ እሳት የለም አንበል

ይህን ስንል አንድ ሰው፦ እንግዲያስ ምንም አያስፈራም፥ ሁሉ ደመና ነው ብሎ እንዳይተኛ እንጠንቀቅ። ነቢዩ ኤርምያስ ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው እያሉ የሕዝቡን ቍስል በጥቂቱ የሚፈውሱትን ገሥጿል። እሳት በእርግጥ አለ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በኅዳር ወር 23 ቀን 2025፥ በአገራችን በአፋር በረሃ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከዚያ በፊት ፈነዳ ተብሎ በታሪክ የተጻፈበት ጊዜ የለም። ዐመዱ ወደ 14 ኪሎሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጣ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመንና ወደ ኦማን፥ ከዚያም አልፎ ወደ ሕንድ አገር ሄደ። በአፍዴራ አካባቢ ባሉ መንደሮችም ዐመዱ በግጦሹ ላይ ወደቀ። ለዚህ ነገር ብዙ ምስክር ነበረው፤ ሳተላይቱም አየ፥ ሰዎችም ሰሙ፥ መሬቱም ዐመድ ለበሰ። እንዲህ በተመሰከረ ጊዜ ደመና ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ጠቢብ አይባልም።

ደግሞም መሣሪያው ዝም ሲል እሳት ሊኖር ይችላል። በሰኔ ወር 24 ቀን 1982 የእንግሊዝ አገር አንድ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን 263 ሰዎችን ይዞ በሌሊት በኢንዶኔዥያ በጃቫ ደሴት አጠገብ ሲበር፥ ጋሉንጉንግ ከተባለው ተራራ በወጣ ዐመድ ውስጥ ገባ። የአውሮፕላኑ የአየር ጠባይ ራዳር መንገዱ ንጹሕ እንደ ሆነ ያሳይ ነበር፤ ያ ራዳር የተሠራው የውኃ ጠብታን ለማየት ነውና ደረቁንና ደቃቁን ዐመድ አላየውም። አራቱም ሞተሮች ቆሙ። አውሮፕላኑ ያለ ሞተር ወደ ታች ሲንሳፈፍ ቆይቶ ከዐመዱ ከወጣ በኋላ ሞተሮቹ ዳግመኛ ተነሡ፤ በጃካርታም አረፈ፤ ከሰዎቹም አንድ እንኳ አልሞተም።

ኀጢአትም እንደዚያ ዐመድ ነው። ነጐድጓድ የለውም፤ በሰው ዐይን አይታይም። በባልንጀራው ቤት ላይ ጭስ የሚፈልግ ሰው፥ በገዛ ልቡ ውስጥ ያለውን ደረቅ ቅንዓት፥ ስስትና ቂም አያየውም፤ ኅሊናውም መንገዱ ንጹሕ ነው ይለዋል። ለዚህ የተሰጠን መመርመሪያ የእግዚአብሔር ሕግ ነው። ዐሥርቱን ትእዛዛት በፊታችን አድርገን ራሳችንን ብንመረምር ሰው ያላየው እሳት ይታየናል። እንግዲህ የሚገባን በሰው ላይ ለመፍረድ መዘግየት፥ በራስ ላይ ለመፍረድ መፍጠን ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ገልብጠነዋል።

አራተኛ፦ ኢዮሣፍጥ፥ ቃሉን የሚጠይቅ

በዚያ በተጠማ ሰፈር ውስጥ በቅንነት የተናገረ አንድ ሰው ነበር። ኢዮሣፍጥ፦ እግዚአብሔርን የምንጠይቅበት ነቢይ በዚህ የለምን? አለ። ያየው ሸለቆ ኢዮራም ያየው ነው፤ የጠማውም ጥም አንድ ነው። ልዩነቱ ከማየት ወደ መፍረድ ሳይሄድ ወደ መጠየቅ መሄዱ ነው። በጠየቀም ጊዜ ቃል መጣለት። ያም ቃል ሥራ አዘዛቸው፤ ነፋስ ሳያዩ፥ ደመና ሳያዩ ጕድጓድ እንዲቈፍሩ። የጠማው ሰው በደረቅ መሬት ላይ ዶማ ማንሣቱ ከባድ ነው። ነገር ግን በቃሉ ታምነው ስለ ቈፈሩ ውኃው በመጣ ጊዜ የሚያጠራቅሙበት ነበራቸው።

ለእኛ ግን ከኤልሳዕ የሚበልጥ ተሰጥቶናል። በቀራንዮ ላይ የሆነውን እናስብ። ጌታችን በተሰቀለ ጊዜ የሚያልፉት ሁሉ አዩት፤ ያዩትንም ተረጐሙ። ቀኑ ጨለመ፥ ምድርም ተናወጠች፤ ሰዎችም እግዚአብሔር የተወው፥ የተረገመ ነው አሉ። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 53 አስቀድሞ ይህን ተናግሮ ነበር፤ እኛ ሰዎች በእግዚአብሔር እንደ ተመታ ቈጠርነው፤ እርሱ ግን የቈሰለው ስለ መተላለፋችን ነው። በዓለም ሁሉ ከተፈጸሙት ስሕተቶች ይህ ዋነኛው ነው። የምሕረት ሁሉ ምንጭ የሆነው በሰው ዐይን እርግማን መሰለ።

በዚያም ቍጣ አልነበረም ማለት አይደለም። የእኛ ኀጢአት የሚገባው ቍጣ ሁሉ በእርግጥ በዚያ ነበረ፤ ነገር ግን በእርሱ ላይ ወደቀ፥ እኛንም አለፈን። ስለዚህ በክርስቶስ ያመነ ሰው መከራ ባገኘው ጊዜ የፍርድ እሳት ነው ብሎ ሊንቀጠቀጥ አይገባውም፤ ያ እሳት አንድ ጊዜ ነድዶ አልፏልና። የቀረለት የአባት ተግሣጽ፥ የአባትም ምሕረት ነው።

ሞዓባውያን ውኃን አይተው ደም ያሉት በሐሰት ነበር። በቀራንዮ ግን ጭፍራው የጌታን ጐን በጦር በወጋው ጊዜ ደምና ውኃ በእርግጥ ወጣ። ወንጌላዊው ዮሐንስም ይህን በጻፈ ጊዜ፥ ያየው ሰው መሰከረ፥ ምስክርነቱም እውነት ነው ብሎ አጸናው፤ በሩቅ ቆሞ የገመተ ሰው አይደለምና፤ ከመስቀሉ በታች የቆመ ነው። በዚያ ውኃ ተጠምቀናል፤ በዚያ ደም የኀጢአት ስርየት ተቀብለን በቅዱስ ቍርባኑ እንካፈላለን። የእግዚአብሔርን ልብ ለማወቅ የምንወድ ከሆነ ሰማዩን፥ ሸለቆውን፥ የኑሯችንንም ጥቍርና ቀይ አንመልከት፤ ወደዚህ ምስክር እንምጣ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ በሚመጣው ሳምንት ስለ ባልንጀራችሁ ክፉ ነገር በሰማችሁ ጊዜ፥ ከመናገራችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ይህ ነገር የታየ ነው ወይስ የተተረጐመ? ሁለተኛ ምስክር አለውን? ወደ ወንድሜ ሄጄ ከራሱ አፍ ሰምቻለሁን? የሮቤልና የጋድ ልጆች በዮርዳኖስ ዳር መሠዊያ በሠሩ ጊዜ፥ የቀሩት ነገዶች ዐመፅ መስሏቸው ለሰልፍ ተሰበሰቡ፤ ነገር ግን ጦር ከመምዘዛቸው በፊት ካህኑን ፊንሐስን ከዐሥር አለቆች ጋር ልከው ጠየቁ። ነገሩ የምስክር መሠዊያ ሆኖ ተገኘ፤ የወንድማማች ደምም ሳይፈስ ቀረ። በማኅበራችሁ መካከልም ወደ ጦር ከመሄድ በፊት እንደ ፊንሐስ የሚላክ ሰው አይጥፋ። ስሙ ያለ ምስክር የጠፋ ወንድም በመካከላችሁ ካለ ደግሞ፥ ይህ እሑድ ሳያልፍ ወደ ቤቱ ሂዱና አብራችሁት ብሉ።

በመከራ ያላችሁም ነፋስ ባታዩ፥ ደመና ባታዩ፥ በቃሉ ታምናችሁ ጕድጓዳችሁን ቈፍሩ፤ ጸሎታችሁን አታቋርጡ፥ ከማኅበሩ አትለዩ፥ ዘራችሁን በጊዜው ዝሩ። ውኃው በእርሱ ሰዓት ይመጣል። በመጣም ጊዜ ውኃ መሆኑን እንድታውቁት እግዚአብሔር ዐይናችሁን ያብራላችሁ።

እንጸልይ። መሐሪ አባት ሆይ፥ ስጦታህን ቍጣ ብለን፥ የወንድማችንንም ምሕረት ኀጢአት ብለን የጠራንበትን ጊዜ ሁሉ ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ ይቅር በለን። ለመናገር የዘገየ፥ ለመጠየቅ የፈጠነ ልብ ስጠን። በሐሰት ስማቸው የጠፋውን አንተ አቁማቸው፤ በመካከላችን ያሉትን የተጨነቁትን አጽናናቸው። የተሰወረውን ኀጢአታችንን በሕግህ ግለጥልን፤ በወንጌልህም አንጻን። በመስቀሉ ላይ የገለጥኸውን ልብህን እንድናውቅ ቅዱስ መንፈስህን ላክልን። አሜን።